ለገባ ሁሉ የሚነሱ ሰው

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የሱቁን በር ከፍቼ የኪቦርዱን አቧራ እንኳ ሳላራግፍ ሜላት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ገባች። ሜላት ከመንገዱ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። የቢሮዋ ፕሪንተር ቀለም ከጨረሰ ወር አልፎታል፤ ግዢው ዛሬ ይጸድቃል ነገ ይጸድቃል እየተባለ የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ሁሉ በእኔ ጣት በኩል ያልፋል፣ በገጽ ሠላሳ ብር። «ያምሮትዬ፣ ይቺን ፈጠን አድርጊልኝ። አለቃችን አቶ ሀይሉ ለስብሰባ ቡሬ ሄደዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ ይፈርሙባታል» አለችና ወንበር ስባ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ወረቀቱን ዘረጋሁት። አቶ ገብረሰንበት የተባሉት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ይላል፣ በኮምፒውተር የተደገፈውን አሠራር መልመድ ስላልቻሉ፣ የአይቲ ባለሙያው ባቀረበው ሪፖርት መሠረት በሦስት ወር ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ስለተቆለፈባቸውና ባለጉዳይ ስለተጉላላ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ገበዝ ማርያም በሚገኘው ቅርንጫፍ በግምጃ ቤት ጠባቂነት እንዲሠሩ ተዛውረዋል። ግልባጭ ለሦስት ቦታ።

አቶ ገብረሰንበት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የምኖረው በእሳቸው ቤት ነው። ሜላት ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም ከመጣች አራት ወሯ ስለሆነ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ገና አልደረሰችበትም፤ እኔም አልነገርኳትም። በሙያዬ አንድ ሕግ አለኝ፦ የተየብኩትን አላወራም። የፍቺ ወረቀት እተይባለሁ፣ የውርስ ክስ እተይባለሁ፣ ከዚያ ገበያ ላይ ከከሳሹም ከተከሳሹም ጋር ሰላም እባባላለሁ። ይህንንም አንዲት ፊደል ሳልስት ተየብኩት። መብራት ጠፋ ልል እችል ነበር። ፋይሉ ተበላሸብኝ ልል እችል ነበር። ግን ሥራዋን አበላሽታ ዘመዷን ያዳነች ታይፒስት መባል አልፈልግም። አተምኩት፣ ሠላሳ ብሬን ተቀበልኩ፣ ሜላት ወረቀቱን በክላሰር ይዛ በጋሪና በባጃጁ መሀል እየተሽሎከለከች ተሻገረች።

አያ፣ እኔ እንዲያ ነው የምጠራቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። የባለቤታቸውን የእትዬ እማዋይሽን ዓይን ስኳር አደብዝዞታል፤ በየወሩ ለክትትል ሆስፒታል ሲሄዱ አያ በክንዳቸው ደግፈው ነው የሚያደርሷቸው፣ ጉድጓዱን «እዚህ ጋ»፣ ድንጋዩን «ቀስ» እያሉ። ገበዝ ማርያም በየቀኑ የሚመላለሱበት ቦታ አይደለም፤ አያ እዚያ ሄዱ ማለት እትዬ ያንን ክንድ አጡ ማለት ነው። በቤታችን ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ፤ ሬዲዮው ካልተከፈተ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማል። እኔና አያ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከተለዋወጥን ዓመት ሊሞላን ነው። ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ሲጎድለኝ ከደመወዛቸው ቀንሰው የግል ኮሌጅ አስገቡኝ፤ አንድ መንፈቅ ተማርኩና ተውኩት። መምህሩ ከመጽሐፍ ላይ ያነብልኝ ነበር፤ ማንበብ ደግሞ እኔም እችላለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ የሱቁ ባለቤት የጣለችውን አሮጌ ማሽን ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ፈትቼ ነው። አያ አንድ ቀን ማዕድ ላይ «ኮፒ ማንሳት ሥራ ነው እንዴ?» አሉኝ። የእኔ ምላስ ደግሞ አያርፍም፤ «ኮምፒውተር ከሚቆለፍበት ሰው ምክር አልቀበልም» አልኩ። የእትዬ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት «እንደምን አደርሽ»፣ ማታ «ደህና እደሪ»። እሳቸው ሲገቡ እኔ እነሳለሁ፣ እሳቸው ይቀመጣሉ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት ነው እላለሁ። እና ያን ቀን «መልመድ ስላልቻሉ» የሚለውን ስተይብ ያፈርኩት ለዚህ ነው። ቃሉን ከአቶ ሀይሉ በፊት እኔ ብዬዋለሁ።

ሜላት ከወጣች በኋላ ክንዱ የሚባሉ የቋሪት ገበሬ ገቡ። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው የያዙት። ማመልከቻ ማስጻፍ ፈልገዋል፤ የመዝገባቸው ቁጥር ግን የለም።

«አራተኛ መምጣቴ ነው ልጄ። የመኪናው ብቻ የአንድ በግ ዋጋ ጨረሰ።»

«ለምን አልሰጡዎትም?»

«ሰውየው እንኳ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉው ማሽኑ ነው። ከእኔ ጋር ሰላም ተባብለው ዞር ሲሉ ይጨልምባቸዋል።»

ሰላም ተባብለው ዞር ሲሉ። ነገሩ ጆሮዬ ላይ ቀረ። በሩን ቆለፍኩና «ይምጡ ጋሼ፣ አብረን እንሻገር» አልኳቸው።

መዝገብ ቤቱ ከግቢው ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል፣ የአሮጌ ካርቶን ሽታ፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ወደ ኋላ ሆድ ያወጣ፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ የድሮ ማሽን ነው። አግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አያ አዩኝ፤ ምን ፈልገሽ ነው አላሉም። ጋሼ ክንዱን ሲያዩ ግን ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ጠረጴዛውን ዞረው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እንደምን ሰነበቱ? ቤቱ ደህና ነው? ከብቱስ? ዝናቡ እናንተ ዘንድ እንዴት ያለ ነው?» ሌላው ቢሮ ሠራተኛው ከስልኩ ቀና ካለልህ ዕድለኛ ነህ፤ አያ ግን ተቀምጠው ሰው መቀበል አያውቁም። ሰላምታው ሳያልቅ እማሆይ እህተ ማርያም የሚባሉ መነኩሲት በመቋሚያቸው እየተደገፉ ገቡ። አያ ጎንበስ ብለው ተቀበሏቸው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው፣ ጉልበታቸውን ጠየቁ፣ የደብሩን ጣሪያ ጠየቁ፣ ባለፈው የታመመችውን የእህታቸውን ልጅ ጠየቁ። ተመልሰው ሲቀመጡ ስክሪኑ ጨልሟል። ሲነኩት አንዲት ግራጫ ሳጥን ወጣች። አያ ሳያመነቱ ጻፉ። ስህተት። ረጋ ብለው ደገሙ። ስህተት። መነጽራቸውን ጠርገው በአንድ ጣት፣ ቁልፍ በቁልፍ እየፈለጉ ሦስተኛ ጻፉ። ተቆለፈ፣ ለግማሽ ሰዓት። «ይኸው ረሱት» አለ አንዱ ከበሩ ላይ፣ ያልተሰማ መስሎት። የአያ አንገት ወደ ትከሻቸው ገባ።

ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወንዳወቅ የሚባለው የአይቲ ባለሙያ መጣ፤ ከአግዳሚው ብድግ አልኩለት፣ እሱ ግን ሰላም ሳይል ማሽኑን አጥፍቶ አበራ፣ ሄደ። ማሽኑ ሲነሳ ሦስት ሳጥን አከታትሎ አወጣ፤ ሦስቱም ግራጫ፣ ሦስቱም በእንግሊዝኛ፣ የአንድ ሰው ሦስት ፎቶ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የኔትወርኩን፣ ሁለተኛው የኮምፒውተሩን፣ ሦስተኛው የመዝገቡን ፕሮግራም ፓስወርድ ነው የሚጠይቀው። ፓስወርድ ሲጻፍ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፤ ነጥቦቹን ቆጠርኩ። ስምንት። ስድስት። አሥር። ሦስቱም አለፉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳቱ። የሚረሳ ሰው እንዲህ አይጽፍም። የጋሼ ክንዱን ስም መፈለግ ሲጀምሩ አንድ ቄስ ገቡና አያ ተነሱ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። በሁለት ደቂቃ ስክሪኑ ጨለመ። ተመልሰው ሲቀመጡ የወጣው ሳጥን አንድ ነው፣ ሁለተኛው፣ የኮምፒውተሩ። የጻፉት ግን ስምንት ነጥብ ነበር።

ገባኝ። አያ በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ ዳዊትን የሚወጡት በቃላቸው ነው። የየኔታ ተማሪ ንባቡ ከተቋረጠ ከመካከል አይቀጥልም፣ ከራሱ ይጀምራል። አያም ማሽኑ በተቋረጠባቸው ቁጥር ከራሱ ይጀምሩ ነበር፤ የመጀመሪያውን ፓስወርድ ለሁለተኛው ሳጥን። ሳጥኖቹን የሚለያቸው ነገር ስለሌለ፣ የሳቱት ፊደል ይመስላቸዋል እንጂ ተራው አይታያቸውም። ሰው ባይቀበሉ ኖሮ ማሽኑ አይጨልምም፤ ባይጨልም ተራው አይዛነፍም። አርባ አንድ ጊዜ የተቆለፈባቸው አርባ አንድ ጊዜ ሰው ስላከበሩ ነው። በባለጉዳይ ፊት «ሁለተኛውን ይጻፉ» ልላቸው አልደፈርኩም፤ ብላቸውም ነገ ሌላ ሰው ይገባል፣ ሌላ ሳጥን ይወጣል። ተነስቼ ወንዳወቅን ፍለጋ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት፤ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

«ወንዳወቅ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ማንን ነው የሚጠራው?»

«ሰርቨሩን ነዋ።»

«ሰርቨሩ የት ነው?»

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። ሰርቨሩ ከሦስት ዓመት በፊት ተቃጥሎ ዕቃ ቤት ነው ያለው፤ የጎበጠ መደርደሪያ ደግፎ ቆሟል፤ ይህን የግቢው ዘበኛም ያውቃል።

«ታዲያ አገሩ ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሞተ ሰው ስም እየጠራ ነው ሥራ የሚጀምረው?»

«አንቺ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ። አንተ ደግሞ ባለ ዲግሪው ነህ። በተቆለፈ ቁጥር እየመጣህ አንዴ እንኳ ‹ለምን?› አላልክም።»

ፊቱ ጠቆረ። ሴኩሪቲ ነው አለ፤ ሦስት በር ከአንድ በር ይሻላል አለ። ተከተለኝ አልኩትና በየቢሮው ዞርን። አሥራ አንድ ኮምፒውተር አለ። በመጀመሪያው ላይ ሦስቱም ፓስወርዶች በፕላስተር ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፈዋል። በሁለተኛው ላይ በቀይ እስክርቢቶ ተጽፈዋል። ሜላት ለጌጥ ብላ በልብ ቅርጽ በተቆረጠ ወረቀት ነው የለጠፈችው። አሥሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንደኛው የአያ ነው፤ እሱ ላይ የተለጠፈ የለም። ከአያ ጀርባ ግድግዳው ላይ ራሱ ወንዳወቅ የሰቀለው መመሪያ አለ፦ የይለፍ ቃልዎን ለማንም አያሳዩ። በዚህ ግቢ መመሪያውን ያከበረ አንድ ሰው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዝውውር ደብዳቤ የሚፈረምበትም እሱ ነው። መመሪያውን በጣቴ አሳየሁት። ወንዳወቅ አነበበው።

«አቶ ገብረሰንበት ዘመድሽ ናቸው አይደል?» አለኝ በኋላ።

«ምን አገናኘው?»

«ቅድም መዝገብ ቤት ስገባ ከአግዳሚው ብድግ አልሽልኝ። እዚህ ግቢ እንዲህ የሚያደርግ ሁለት ሰው ነው።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሠራተኛው ለምሳ ወጣ፤ አያም እትዬን ሊያዩ ወደ ቤት ሄዱ። እኔና ወንዳወቅ መዝገብ ቤት ቀረን። የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ እሱ ሲጽፍ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ፤ የሰው ቁልፍ አላይም። የሞተውን ሰርቨር የሚጠራውን ሳጥን አነሳነው። የመዝገቡን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ አንዴ ያወቀውን ሰው እንደገና ማን ነህ እንዳይል አድርገን ከኮምፒውተሩ መግቢያ ጋር አገናኘነው፤ ይህን ማድረግ እንደሚቻል ወንዳወቅ ያውቅ ኖሯል፣ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው ያላደረገው። የቀረችው ሳጥን አንድ ናት። እሷ ላይ በአማርኛ እንጻፍባት አልኩ። ጻፍን፤ ማሽኑ አሮጌ ነውና ፊደሉን አያውቅም፣ ባዶ አራት ማዕዘን ደረደረልን። ወንዳወቅ «በቃ ይቅር» ሲል ፍላሼን ከቁልፌ ላይ ፈታሁ፤ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር በፍኖተ ሰላም ስንት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ጫንኩት፣ አጠፋን፣ አበራን። «የኮምፒውተርዎን የይለፍ ቃል እዚህ ያስገቡ» አለ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ። የቀረን ስክሪኑ የሚጨልምበት ሰዓት ነው። ወንዳወቅ አምስት ደቂቃ አለ። እኔ አሥራ አምስት አልኩ።

«ለሰላምታ?»

«ለክቻለሁ። ቄሱ ስድስት ደቂቃ ነው የፈጁት፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ቢመጣ አሥር ይሄዳል። ለምሳ ሲወጡ ራሳቸው የሚቆልፉበትን አሳያቸዋለሁ።»

ሳቀ፤ አሥራ አምስት አደረገው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአቶ ሀይሉም እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ። ደብዳቤውን ማወቅ አለማወቄን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

አያ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ ወንበራቸው ላይ ነበርኩ። ተነሳሁ። ተቀመጡ፤ ስክሪኑን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ። ከዓመት በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ነገር መናገር ከባድ ነው፤ ምላሴ የሰው ምላስ ሆነብኝ።

«አያ፣ አሁን አንድ ብቻ ነው። መካከለኛውን፣ የኮምፒውተሩን ብቻ ይጻፉ።»

«ፊተኛውስ? ኋለኛውስ?»

«ተነሥተዋል።» ከዚያ ቶሎ ብዬ ጨመርኩ፤ «እርስዎ ረስተው አያውቁም። ሦስቱም በልብዎ ነበሩ። ከመካከል ሲጠይቅዎ ከራሱ እየጀመሩለት ነው። ተራው እንጂ ቃሉ አልጠፋዎትም። እኔም ያኔ ማዕድ ላይ ሳላይ ነው የተናገርኩት።»

አያ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ፤ አልጻፉም። «ሰው ሁሉ ረሳ ረሳ ሲለኝ እኔም አምኜ ነበር» አሉ፣ ወደ ማሽኑ እያዩ። «ጠዋት ጠዋት ከቤት ወጥቼ ቢሮ እስክደርስ ድረስ ዳዊቱን በልቤ እወጣው ነበር። ከመቶ ሃምሳው የጎደለ ካለ ብዬ። ዛሬም እስከ ሆስፒታሉ መታጠፊያ አርባ ደርሼ ነበር።» ስድስት ነጥብ ጻፉ። ስክሪኑ ተከፈተ። ሌላ ሳጥን ሲጠብቁ አየሁ፤ አልመጣም። እኔም ከበሩ ውጭ የተሰለፈው ሰው ሳያየኝ ዓይኔን ጠርጌ ወደ ሱቄ ተሻገርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለ። ሁለት የትምህርት ማስረጃ ኮፒ አነሳሁ፣ አንዱን ገልብጬ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የአቶ ሀይሉ መኪና የቡሬን አቧራ ለብሳ ግቢው ገባች። ሜላት ክላሰሩን ይዛ ስትከተላቸው ከሱቄ በር ላይ አየሁ። ደብዳቤው እንከን የለውም፤ እኔ ነኝ የተየብኩት፣ ፊርማ ብቻ ነው የሚጎድለው። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ጋሼ ክንዱ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው እየፈጠኑ መጡና ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የመዝገብ ቁጥር።

«ጻፊልኝ እንግዲህ። ይኸው በአራተኛዬ ተገላገልኩ።»

«ተገኘ?»

«ምን ይገኛል፣ ተቀምጦ ኖሮ ነው እንጂ። ከእኔ በፊት አምስት ሰው ገባ፣ አምስቱም ወረቀቱን ይዞ ወጣ። የእኔ ተራ ሲደርስ ትልቁ ሰውዬና ያ ቁልፍ የሚያዞረው ልጅ አብረው ገቡ። ልጁ ጥፋቱ የማሽኑ አሠራር ነው፣ ሪፖርቴን አስተካክላለሁ አላቸው። ትልቁ ሰውዬ የሚያምኑ አይመስሉም፣ ክንዳቸውን አጣምረዋል። ሰውየው አጎትሽ ናቸው ሲባል ሰማሁ፤ እሳቸው ምን ያደርጋሉ፣ ብድግ አሉላቸዋ። እንደምን ዋሉ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ቡሬ ደህና ናት ወይ እያሉ። ትልቁ ሰውዬም አውቀው ነው መሰለኝ ሰላምታውን አስረዘሙት። ገበያውን አወሩ፣ ዝናቡን አወሩ፣ እኔ እግሬ ዛለ። አንድ ዓይናቸው ግን ማሽኑ ላይ ነው።»

«ጨለመ?»

«ምኑ ይጨልማል። ተቀመጡና ቁጥሬን አነበቡልኝ።»

ማመልከቻቸውን ጻፍኩላቸው፤ ሠላሳውን ብር ሲያወጡ የበጉ ዋጋ ትዝ አለኝና አልቀበልም አልኩ፤ ተቆጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውት ሄዱ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሜላት መጣች፣ ያው ወረቀት በእጇ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። «አቶ ሀይሉ እስከ ወር መጨረሻ ይቆይ ብለዋል፣ እናያለን ብለዋል። ሌሎቹም አሥር ማሽኖች እንዲሁ ይደረጉ፣ ወረቀቱም ሁሉ ይነቀል ተብሏል፤ ልቤን ነቀልኩት» አለችና የተቆረጠውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ቀደደችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎትሽ እንደሆኑ ለምን አልነገርሽኝም? ለሌላ ሱቅ እሰጠው ነበርኮ።»

«ሌላው ሱቅ ይሳሳት ነበር» አልኳት።

እስከ ወር መጨረሻ ይቆይ ማለት ተሰርዟል ማለት አይደለም፤ ይህን ለመረዳት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ግን እስከዚያ እትዬ አንድ ክትትል አላቸው፣ የሚይዛቸው ክንድም እዚሁ አለ። ሱቁን ዘግቼ ተሻገርኩ፤ ለምን እንደምሄድ ለራሴ በደንብ አልነገርኩትም። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ግቢው ጭር ብሏል፣ መዝገብ ቤቱ ግን ክፍት ነው። አግዳሚው ባዶ ነበር። አያ ብቻቸውን ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው የቀኑን መዝገብ ያመሳክራሉ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ጠረጴዛውን ዞሩ፣ ለጋሼ ክንዱና ለእማሆይ እንደዘረጉት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ኧረ በማርያም፣ አያ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

አልተቀመጡም። «እንደምን ዋልሽ?» አሉኝ። «ሥራ እንዴት ነው? ሰው ይመጣል? የሱቋ ባለቤት ደህና ናት? ያ የፈታሽው ማሽን አሁንም ይሠራል?» አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ ዓመት ሙሉ ያልጠየቁኝን ሁሉ፤ እኔም አንድ በአንድ መለስኩ፣ እንዲያውም ስለ ፕሪንተሩ ሮለር ረዘም አድርጌ አወራሁ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን አልለካሁም። ከትከሻቸው ኋላ ስክሪኑ እንደበራ ነበር።